ጋባፔንቲን ሲጨመርላት እናቴን በጣም ያዞራታል

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። እግሮቿን እንደ እሳት የሚያቃጥላት የነርቭ ሕመም ሌሊት እንቅልፍ ስለነሳት ሐኪሟ ጋባፔንቲን አዘዙላት። መጀመሪያ ማታ ማታ አንድ ባለ 300 ሚሊግራም እንክብል፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ ቀጥሎም በቀን ሦስት ጊዜ እንድትወስድ ነው የታዘዘው።

የማታው ብቻ እያለ እሰየው ነበር። ማቃጠሉ ባይጠፋም ቀለል ብሎላት ተኛች። የጠዋቱ ሲጨመር ግን ነገሩ ተለወጠ፦ ከወንበር ስትነሳ ግድግዳ ይዛ ነው የምትቆመው፣ እያወራችኝ መሀል ላይ ያሸልባታል። ከሁሉም መውደቋን ነው የምፈራው፤ በእሷ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ቀላል ነገር አይደለም።

መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ አስቀድመው መርምረዋታል፣ ኩላሊቷ ደህና ነው። የእንቅልፍ መድኃኒትም ሆነ ሌላ ማስታገሻ አትወስድም። ሲያዞራት ስኳሯን ለካሁ፣ አልወረደም። የደም ግፊቷንም ተኝታና ቆማ ለካን፣ ያን ያህል ልዩነት የለውም። ሐኪሟን በስልክ ሳገኛቸው «በድንገት እንዳታቋርጡ፣ ሦስተኛውን ግን እስከ ቀጠሮዋ አትጨምሩ» አሉኝ።

ባለ 100 ሚሊግራም እንክብልም አለው። ይህን መድኃኒት የወሰዳችሁ ወይም ሕሙማን የምትከታተሉ፦ ማዞሩ በዚያው መጠን ሲቆዩ በራሱ ይለቃል ወይስ በቀጠሮዋ ቀን በ100 በ100 ቀስ እያሉ እንዲጨምሩላት ልጠይቃቸው?