የከባድ መኪና ሹፌርነት እውነት ያዋጣል?

ምንይሻለኛል፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። 28 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነኝ። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ዕቃ ቆጥሬ እረከባለሁ፣ ቆጥሬ አስረክባለሁ፣ መኪና ሲመጣ አስጭናለሁ። ሥራውን አልጠላሁትም፤ ግን ከዚህ በላይ የት እንደሚያደርሰኝ አይታየኝም። ከእኔ በላይ ያለችው ወንበር አንዲት ናት፤ የተቀመጠባትም ሰው ገና ወጣት ነው።

ከሹፌሮች ጋር ስለምውል የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የማውጣት ሐሳብ ካደረብኝ ቆይቷል። ትንሽ መኪና ድሮም እነዳለሁ፣ መንዳት ደስ ይለኛል፣ ብቻዬን መሆንም አይከብደኝም። ያማከርኳቸው ሹፌሮች ግን ለሁለት ተከፈሉብኝ። አንዱ «ዛሬ ነገ ሳትል ግባ፤ ሹፌር ሥራ አያጣም» ይለኛል። ሌላው መኪናውን እየዞረ ጎማ እየረገጠ «አንተ ጥላ ሥር የምትውል ሰው፣ ምን ጎደለብህ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሁለቱም የሚነዱት አንድ ዓይነት መኪና ነው።

ለትምህርቱ የምከፍለው ያጠራቀምኳትን ነው፤ አንዴ ከከፈልኩ መመለሻ የለኝም። ባለቤቴ አልከለከለችኝም፤ «ልጁ አባቱን በስልክ ብቻ እንዳያውቀው» ነው ያለችኝ። መኪናው ራሱን በራሱ ሊነዳ ነው የሚባለውም ያሳስበኛል። ሥራው ውስጥ ያላችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

ቀጥበል፦

ያዋጣል፣ ግባ። እኔ ከተማ ውስጥ ነው የማከፋፍለው። ጠዋት ወጥቼ ማታ ቤቴ እገባለሁ። ጉልበት ይጠይቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ የማራግፈው እኔው ነኝ። ጠባብ መግቢያ ላይ በሪቨርስ መግባትም መጀመሪያ አካባቢ ላብ በላብ ያደርጋል። ግን ከገባሁበት እስከወጣሁበት ያለው ሰዓት ሁሉ ይከፈለኛል፤ እሑድም የራሴ ናት። ብዙ ስታስብ ዕድሜህ ይሄዳል።

ባለተሳቢ፦

ወንድሜ፣ ከላይ ያለው ልጅ አልዋሸህም፤ ግን የነገረህ ስለ ራሱ ሥራ ነው። ከተማ ውስጥ ማከፋፈል፣ ኮንቴይነር መጎተት፣ ቦቴ መንዳት፣ አፈርና አሸዋ ማመላለስ፣ እንደኔ ሳምንት ሙሉ ጋቢና ውስጥ እያደሩ ረጅም መንገድ መሥራት ሁሉም ሹፌርነት ይባላል። ኑሮው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቼበታለሁ፤ «ያዋጣል ወይ» ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መኪናው የቆመበትን ሰዓት የሚከፍልህ ማን ነው?

ለምን መሰለህ። ሕግ የመንጃ ሰዓትህን ይገድበዋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በቀን 9 ሰዓት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ወደ 10 ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ አራት ሰዓት ተኩል ከነዳህ በኋላ ደግሞ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታ ነው። በአሜሪካ እስከ 11 ሰዓት ይፈቀዳል፤ ያ 11 ሰዓት ግን ሥራ ከጀመርክበት ደቂቃ አንሥቶ በሚቆጠር 14 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ጋቢና ውስጥ ያለው መቅጃ ሁሉን ይመዘግባል፤ አታታልለውም። እንግዲህ ክፍያህ በኪሎሜትር ነው እንበል። ጠዋት መጋዘን በር ላይ አራት ሰዓት አቆሙህ። የዚያን አራት ሰዓት ገንዘብ አላገኘህም፤ ከዚያ የከፋው ግን ከ14ቱ ላይ አራቱ መበላቱ ነው። ያቆመህ ሰው ሰዓቱን አይመልስልህም። በወረቀት ላይ የኪሎሜትር ዋጋው ከፍ ያለ ድርጅት ሆኖ፣ በወሩ መጨረሻ በሰዓት ከሚከፍለው ያነሰ ይዘህ የምትገባው በዚህ የተነሣ ነው።

ይህን ለማጣራት ደግሞ ካንተ የተሻለ ቦታ ላይ ያለ ሰው የለም። እናንተ በር ላይ መኪና ስንት ሰዓት ይቆማል? ነገ ወረቀት ስታስፈርማቸው «ይህን ሰዓት ማን ይከፍልሃል?» ብለህ ጠይቃቸው። ግባ ያለህና የሳቀብህ ሰው መልሳቸው አንድ የሚሆን አይመስለኝም።

መንዳት እወዳለሁ ብለሃል። ጥሩ ነው፤ ግን ትንሽ መኪና መውደድና 40 ቶን ማዘዝ ለየቅል ናቸው። ቁልቁለት ላይ ታየዋለህ። ረጅም ቁልቁለት ፔዳል እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግለዋል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን መያዝ ይተዋል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና ሜዳው ላይ እያለህ፣ ማርሽ ትቀንስና መኪናውን በሞተር ፍሬን ወይም በሪታርደር (የእግር ፍሬኑን ሳትነካ መኪናውን በሚያዘገየው መሣሪያ) ይዘህ ትወርዳለህ። ፍጥነት ከወሰደህ በኋላ ማርሽ ልቀንስ ብትል እንቢ ሊልህ ይችላል። የአየር ፍሬን ደግሞ አየሩ ሲያልቅ ስፕሪንጉ ራሱ ይይዛል፤ ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ይዝናናል። ስፕሪንጉ የሚይዘው ግን ያንኑ የጋለ ፍሬን ነው።

ጭነቱም ባሕርይ አለው። ግማሽ የተሞላ ቦቴ ከሙሉው ያስቸግራል። ፍሬን ስትይዝ ፈሳሹ ወደፊት ይመጣና ቆመህ ሳለ ይገፋሃል፤ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይሄዳል። ብዙ ቦቴዎች ውስጣቸው ማዕበሉን የሚሰብር ግድግዳ አላቸው። ወተትና መሰል ምግብ የሚጭኑት ግን ለማጠብ እንዲመች ባዶ ስለሚተዉ የባሱ ናቸው። መጀመሪያ ቦቴ የነዳሁ ቀን ከኋላ ሰው የገጨኝ መስሎኝ ስፖኪዮ አየሁ።

እንቅልፍን በተመለከተ አጭር ልሁን። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል እንደሚሆን አሳይቷል። በጣም ክፉው ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ያለው ነው። መስኮት መክፈትና ሬዲዮ ማስጮህ ራስን መሸንገል ነው። ቡና ጠጥቶ ወዲያው ሃያ ደቂቃ ጋደም ማለት ይሻላል፤ ቡናው ሥራ ሲጀምር አንተም ትነቃለህ። ከዚያ በላይ ደክሞህ ከሆነ አቁመህ ተኛ፤ ጭነቱ ይዘግይ። «ቶሎ ድረስ» ብሎ የሚደውልልህ ሰው አልጋው ላይ ሆኖ ነው የሚደውለው።

ብቻዬን መሆን አይከብደኝም ላልከው፣ መንገዱ ላይ ብቸኝነቱ ቀላል ነው፤ እንዲያውም እኔ እወደዋለሁ። የሚያናድደው ሰው ያለበት ቦታ ደርሰህ እንደ ሰው አለመቆጠርህ ነው። ሌሊቱን ነድቼ የደረስኩበት አንድ መጋዘን «መጸዳጃ ቤቱ ለሠራተኛ ብቻ ነው» ብሎ መልሶኛል። የጫንኩት ዕቃ የራሳቸው ነበር። የእናንተ ቤት እንዴት ነው?

የሹፌርቤት፦

እኔ የማልነዳው ነኝ፤ ባለቤቴ ነው የሚነዳው። ስለዚህ ለሚስትህ የሚጠቅም ነገር ልበል።

ረጅም መሄዱን ሰው ይለምደዋል። ያልለመድኩት ይመጣል ተብሎ የማይመጣበትን ቀን ነው። ልጅ አጥበህ፣ አልብሰህ፣ «አባዬ ዛሬ ነው» ብለህ ካስቀመጥክ በኋላ ማታ ላይ «አልጫኑልኝም» የሚል ስልክ ይመጣል። ሲመጣም ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቤቱ ያለ እሱ መኖር ለምዷል። ልጁ ውጭ ልውጣ ብሎ ፈቃድ የሚጠይቀው እኔን ነው፤ አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ። እሱ ይከፋዋል፣ ግን አይናገርም፤ እኔ ደግሞ አኩርፎ ሳየው ደክሞት ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ይህን ለማውራት ብዙ ጊዜ ወስዶብናል።

መጨረሻ ላይ ገንዘቡ ዝቅ ያለ፣ የሚመለስበት ቀን ግን የታወቀ ቋሚ መስመር መረጥን። ብዙ የሚከፍለው የቀድሞው መስመር ትዝ ሲለው አሁንም ይቆጨዋል፣ አልዋሽም። እኔን አይቆጨኝም። ሚስትህን «በሳምንት ስንት ቀን ብጠፋ ይሻልሻል» ብለህ አትጠይቃት። «የምመለስበትን ቀን አስቀድመሽ ማወቅ ነው ወይስ ተጨማሪው ገንዘብ?» በላት፤ መልሷ ያስደንቅህ ይሆናል።

ምንይሻለኛል፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ ባለተሳቢ፣ እንዳሉኝ ጠየቅኋቸው። ግባ ያለኝ ሰው ደመወዙ ወርኃዊ ነው፤ ቢቆምም ባይቆምም ያው ነው፣ እኛ በር ላይ ሲደርስ ወንበሩን አጋድሞ ይተኛል። የሳቀብኝ በኪሎሜትር ነው የሚከፈለው። «አንተ ምሳ ስትበላ እኔ ነኝ የምከፍልልህ» አለኝ። በእርግጥም የምሳ ሰዓት ላይ በሩን እንዘጋለን፤ እስከ ዛሬ ማን እንደሚጎዳበት አስቤው አላውቅም። መጸዳጃ ቤቱን ስለጠየቁኝ፣ እኛ ጋ ክፍት ነው፤ ቁልፉ ግን ጥበቃው ጋ ስለሆነ ብዙዎቹ አያውቁም። ከነገ ጀምሮ ለሚመጣው ሁሉ እነግራለሁ።

አሁን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። አንድ ድርጅት «መኪናውን እኛ እንሰጥሃለን፣ እየሠራህ ከገቢህ እየቆረጥን ትከፍላለህ፣ በመጨረሻ የራስህ ይሆናል» ይላል። የራሴ ካደረግሁት የቆመበትን ሰዓት ማን ይክፈል የሚለው ጣጣ አይቀርልኝም?

ሁለትመኪና፦

አይቀርልህም፤ ከፋዩ አንተ ትሆናለህ።

ሁለት መኪና አለኝ፤ ለብዙ ዓመት ተቀጥሬ ከነዳሁ በኋላ ነው የገዛሁት። መንዳትና መነገድ ሁለት ሙያ ነው። ነዳጅ የምትቀዳው ዛሬ በእጅህ ባለው ገንዘብ ነው፤ የጭነቱ ባለቤት ግን ከወር ከሁለት ወር በኋላ ሊከፍልህ ይችላል። በመሐል ጎማ ይፈነዳል፤ ኢንሹራንስ ቀኑ ይደርሳል። ሲሄድ ሙሉ የሆነ መኪና ሲመለስ ባዶ ከሆነ የሄደበትን ትርፍ ነዳጁ ይጠጣዋል። ይህን ሁሉ የሚሸከም የጎን ገንዘብ ሳይኖር መኪና መግዛት ለመኪናው ተቀጥሮ መሥራት ነው።

አንተ ያልከው ውል ደግሞ ለብቻው ይታያል። ጭነት የሚሰጥህም፣ ክፍያ የሚቆርጥብህም አንድ ሰው ነው። ጭነት ሲቀዘቅዝ ተቆራጩ አይቀዘቅዝም። መሐል ላይ ብትለቅ የከፈልከው ይቀርና መኪናው ይመለሳል፤ ከዚያ ለሌላ አዲስ ሹፌር ይሰጣል። በአሜሪካ መንግሥት ያቋቋመው አጥኚ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያሉ ውሎች በሕግ እንዲከለከሉ ሐሳብ አቅርቧል። የመንጃ ፈቃድህ ቀለም ሳይደርቅ እንዲህ ያለ ወረቀት አትፈርም። ሥራውን ተቀጥረህ ልመደው፤ የትኛው መስመር መመለሻ ጭነት እንዳለው፣ የትኛው ደንበኛ በሰዓቱ እንደሚከፍል በሌላ ሰው መኪና ተማር።

ባለተሳቢ፦

ባለ ሁለት መኪናው ያለው ላይ የምጨምረው የለኝም። ያለ ሹፌር ስለሚሄደው ሳልመልስልህ ቀርቻለሁ። ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ቴክሳስ ውስጥ በዳላስና በሂውስተን መካከል ያለ ሹፌር ጭነት ማመላለስ ተጀምሯል። ብዙም ሳይቆይ ግን በመኪናው አምራች ጥያቄ ታዛቢ ሰው መሪው ፊት እንዲቀመጥ ተደረገ። የተመረጠውን መንገድ ልብ በል፤ ሰፊ፣ ቀጥ ያለ፣ ከተርሚናል ተርሚናል የሆነ ነው። መጀመሪያ የሚነካውም እንዲህ ያለው ሥራ ይመስለኛል፤ ማለትም የእኔ ዓይነቱ። ጠባብ ግቢ ውስጥ በሪቨርስ መግባት፣ ጭነት በሰንሰለት ማሰር፣ ሸራ ማልበስ፣ ተቀባዩ «ይህ ዕቃ ተጎድቷል» ሲል ቆሞ መከራከር፣ አደገኛ ፈሳሽ ማራገፍ ገና ብዙ ሰው ይፈልጋል። በአንተ ዕድሜ ብሆን ወደዚያ አጋድላለሁ። አንተ ደግሞ የመጋዘኑን ጎን ታውቀዋለህ፤ ጭነት አቆጣጠርና ወረቀት የሚያውቅ ሹፌር በየቦታው አታገኝም።

ስለዚህ የእኔ መልስ፦ ግባ፣ ግን በሰዓት ወይም በወር የሚከፍል ቦታ፣ አጭር ወይም ቋሚ መስመር ላይ። በኪሎሜትር ካሉህ «ስቆምስ?» በላቸውና መልሱን ውሉ ላይ አጽፈው።

ምንይሻለኛል፦

ገባኝ ጋሼ። እንግዲያው የሚቀጥለው ወር ላይ ትምህርት ቤት ልመዝገብ?

ባለተሳቢ፦

ከመመዝገብህ በፊት የሕክምና ምርመራውን አድርግ። ዓይን፣ ጆሮ፣ የደም ግፊት፣ ስኳር ያያሉ። ሚስትህ «ታንኮራፋለህ፣ ትንፋሽህም ይቆማል» ብላህ የምታውቅ ከሆነ ያንን ለሐኪሙ አትደብቅ፤ ይታከማል፣ ታክሞም ይነዳል። ሰዉ ግን ለትምህርት ቤቱ ሙሉውን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ምርመራው ላይ የሚወድቀው፤ ገንዘቡንም የሚመልስለት የለም።