ለባሌ ተራሮች የአምስት ቀን የእግር ጉዞ ከሐዋሳ ምን ይዘን እንነሣ?

ጥያቄ፦ ከታቦር ሥር

ጤና ይስጥልኝ። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አምስት ቀን በእግር ለመጓዝ የተነሣሣን አራት የሥራ ባልደረቦች ነን፤ ሁላችንም የሐዋሳ ነዋሪዎች ነን። በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል ዲንሾ ገብተን እዚያው ካደርን በኋላ፣ በወይብ ሸለቆ አድርገን ወደ ሶዶታና ወደ ቀይረንሳ፣ ቀጥሎም በራፉ በኩል ወደ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ ለመውጣት አስበናል። ድንኳን ተከራይተናል፤ መሪና የጭነት ፈረስ ዲንሾ ላይ እንይዛለን።

የቸገረን የምንይዘው ዕቃ ነው። በሐዋሳ ሰው ቤት ከስስ ሹራብ ያለፈ የብርድ ልብስ እንደማይገኝ ታውቃላችሁ። ያማከርነው ሰው ሁሉ ደግሞ ይጨምርልናል እንጂ የሚቀንስልን አልተገኘም፤ አንዱ ሁለት ሁለት ጋቢ ያዙ ይለናል፣ ሌላው የስፖንጅ ፍራሽ፣ ሦስተኛው ከሰል ከነምድጃው። በጀታችን ውስን ስለሆነ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው በቤት ባለ ነገር ሊተካ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ ጭራሽ መቅረት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ቢነግረን እናመሰግናለን። እግራችንን ለማለማመድ በየቅዳሜው ታቦር ተራራን እንወጣለን።

መልስ፦ የጎባ ተወላጅ

ወንድሞቼ፣ ገንዘባችሁን በእንቅልፍ ከረጢትና በዝናብ ልብስ ላይ አውጡት፤ ሌላው በአብዛኛው ከሰልባጅ ተራና ከቤት ይሟላል።

ጥር በባሌ ደረቅ ወር ነው። ቀኑ ብሩህ ነው፤ ነገር ግን ሰማዩ ደመና ስለማይለብስ መሬቱ በቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት አያስቀረውም፤ በዚህም ምክንያት ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ ብርዱ የሚከፋው በበጋ ነው። የፓርኩ ከፍተኛ ሜዳ በሆነው በሳኔቲ አምባ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የወረደ ቅዝቃዜ ተመዝግቧል። ገርባ ጉራቻ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ጠዋት ከድንኳን ስትወጡ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ፣ ውጭ ያደረው የኮዳ ውሃም ረግቶ ብታገኙት አይግረማችሁ።

የእንቅልፍ ከረጢት ስትገዙ ብዙ ጊዜ ሁለት የሙቀት ቁጥሮች ተጽፈውበት ታያላችሁ። አንደኛው ሰው በምቾት የሚተኛበትን፣ ዝቅተኛው ደግሞ ኩምትር ብሎ እንደምንም ሊያነጋበት የሚችለውን ወሰን ያመለክታል። ሻጭ የሚጠራላችሁ ዝቅተኛውን ነው፤ እናንተ ግን የምቾቱን ቁጥር ተመልከቱ፤ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ የወረደ ቢሆን መልካም ነው። ከረጢቱ ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ ከጀርባችሁ ሥር የሚውለው ክፍል በክብደታችሁ ተጨፍልቆ አየር መያዝ ስለሚያቅተው፣ የሰውነት ሙቀት ወደ መሬት ይሄዳል። ስለዚህ ውሃ የማይመጥና ተጠቅልሎ የሚታሰር የስፖርት ምንጣፍ ለእያንዳንዳችሁ ያስፈልጋል። የስፖንጅ ፍራሹ ቤት ይቅር፤ አንዴ እርጥበት ከጠጣ በዚያ አገር አይደርቅም።

ልብስ ላይ ዋናው ጉዳይ ውፍረት ሳይሆን መደራረብ ነው። ከገላ ጋር የሚገናኘው ላብን ቶሎ የሚያደርቅ ጨርቅ ይሁን፤ ተራ የእግር ኳስ ማሊያ ለዚህ በቂ ነው። በላዩ ላይ ከሰልባጅ የሚገዛ የሱፍ ሹራብ ወይም ወፍራም ፍሊስ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ይደረብበታል። ወሩ ደረቅ ነው ብላችሁ የዝናብ ልብስ እንዳትተዉ፤ ተራራ ላይ ደመና ለመምጣት ወር አይጠብቅም። ዳገት ስትወጡ ሙቀት ሳይሰማችሁ በፊት ሹራቡን አውልቁ፣ ስትቆሙ ብርድ ሳይሰማችሁ በፊት ልበሱት፤ ሰውን የሚያንቀጠቅጠው ብዙውን ጊዜ የራሱ ላብ ነው። ጂንስና የጥጥ ካናቴራ ለጉዞው አይሆኑም። ጋቢውም እንዲሁ ጥጥ ነውና፣ ከረጠበ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም፤ እኔ ብሆን እተወዋለሁ። የሱፍ ኮፍያና ጓንት ግን እንዳይረሱ፤ ጣት ከቆፈነ የድንኳን ገመድ ማሰር እንኳ አይቻልም።

አንድ ነገር ልጨምር። ፈረሶቹ ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ ስለሚሄዱ እስከ ሰፈሩ ድረስ ዕቃችሁን ላታገኙት ትችላላችሁ። የዝናብ ልብስ፣ አንድ ወፍራም ሹራብ፣ ውሃ፣ ስንቅ፣ መድኃኒትና የግንባር ባትሪ ከጀርባችሁ በማይለይ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ።

መልስ፦ ነርስ ነኝ

ስለ ልብሱ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ወደ ጤናው ላምራ። በመጀመሪያ ከሰሉ ይቅር። ድንኳን ውስጥ የተያዘ ፍም የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ስለሆነ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል፤ ድንኳኑን ትንሽ ከፍቶ መተኛትም አያስተማምንም።

ታቦርን መውጣታችሁ እግራችሁንና ትንፋሻችሁን ያጠነክራል፤ ሰውነታችሁን ከአየር መሳሳት ጋር ግን አያላምደውም፤ ጫፉ ራሱ 2,000 ሜትር አይደርስምና። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 4,000 ሜትር ላይ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታችሁ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል፤ ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ፣ ወይብ ሸለቆ ደግሞ 3,500 ሜትር ገደማ ስለሆኑ የመረጣችሁት መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው። የሚያሳስበኝ አንዳንዶች እንደሚያደርጉት በመጀመሪያው ቀን ከጎባ በመኪና ሳኔቲ ወጥቶ እዚያው ማደር ነው።

በመድኃኒት ቦርሳችሁ ፓራሲታሞል፣ ኦ አር ኤስ፣ ፕላስተር፣ ፋሻና የቁስል ማጠቢያ ያዙ። ለከፍታ ሕመም መከላከያ የሚሰጠው አሴታዞላማይድ ጣትን ያደነዝዛል፣ ሽንትም ያበዛል፤ ለሰልፋ መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሰው ደግሞ ሳይነግር መውሰድ የለበትም፤ ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ቀለል ያለ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያው ሌሊት የተለመደ ነው። ነገር ግን አንዱ እንደ ሰከረ ሰው መንገዳገድ ከጀመረ፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውረዱ። የእንቅልፍ ክኒንና አልኮል አይያዙ።

ለመጠጥ ውሃ ውሃ አጋር ወይም የማጣሪያ ክኒን ይበቃል፤ ሆኖም ክሎሪን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ከተጻፈው ጊዜ በላይ አቆዩት። ውሃው ከደፈረሰ አስቀድማችሁ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት።

ከታቦር ሥር

እግዚአብሔር ይስጥልን። ከሰሉን ሰርዘነዋል። የቀሩን ስንቁና ጫማው ናቸው፤ ከመካከላችን ሁለቱ ስኒከር እንጂ ቦት ጫማ የላቸውም።

መልስ፦ አላሙራ

በጋቢው ጉዳይ ከጎባው ወንድሜ በጥቂቱ እለያለሁ። ለመንገድ እንደማይሆን እስማማለሁ፤ ነገር ግን ደረቁን ጋቢ በፌስታል ጠቅልሎ በፈረስ አስጭኖ፣ ማታ ከከረጢቱ በላይ የደረበ ሰው የሚጸጸትበት አይመስለኝም። ለአራት ሰው ሁለት ይበቃል።

ስለ ስንቅ፦ 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ምስርና ሩዝ ብዙ ጊዜ ይፈጃሉ፣ ነዳጅም ይጨርሳሉ፤ ባቄላማ አይታሰብም። እሳት የማይፈልገውን አብዙ። በሶ በቀዝቃዛ ውሃም ይበጠበጣል፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በኪስ ሆነው እየተሄደ ይበላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የባሌና የአርሲ ሰው የሚያዘጋጀው ጭኮ ነው፤ ገብስና ቅቤ ስለሆነ ትንሹ ብዙ ያቆያል፣ በብርዱም አይበላሽም። ለማታ ሽሮና ሻይ የምታፈሉበት አነስተኛ የጋዝ ምድጃ ተከራዩ፤ ፓርኩ ውስጥ አስታ ቆርጦ ማንደድ አይገባም፤ የተረፈውን ምግብና ፌስታሉንም ይዛችሁ ተመለሱ፤ ቀይ ቀበሮዎቹ አይጥ አድነው እንጂ ከሰው ፍርፋሪ እንዲኖሩ አንፈልግም። ስልኩንና ፓወር ባንኩን ሌሊት ከረጢታችሁ ውስጥ አስገቡ፤ ቅዝቃዜ ባትሪን ያደክማል።

ወደ ጫማው ስመጣ፣ ተረከዙና ጣቶቹ የማይጨመቁበት፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ስኒከር ለወይብ ሸለቆ ይበቃል፤ ከራፉ በላይ ግን ድንጋዩ ስለሚበዛ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ቦት ይሻላል። የምትገዙ ከሆነ ዛሬውኑ ግዙ፤ ምሽት ላይ እግር ስለሚያብጥ ያኔ ለኩት፣ ወፍራም ካልሲም አድርጋችሁ ሞክሩት። ከዚያ በኋላ የቀሩትን ቅዳሜዎች ታቦር ላይ በዚያ ጫማ፣ ያንኑ ቦርሳ ተሸክማችሁ ውጡ። የጣት ጥፍር ከጉዞው ጥቂት ቀን አስቀድሞ ይቆረጥ፤ ያልተቆረጠ ጥፍር ቁልቁለት ላይ ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጨ ይጠቁራል። ተረከዝ መጋል ሲጀምር ውሃ እስኪቋጥር ሳትጠብቁ ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ። ለማታ ነጠላ ጫማ ይበቃል።

ጠንካራ ሻንጣ ደግሞ ፈረስ ጀርባ ላይ አይቀመጥም። ዕቃውን በወፍራም ፌስታል ውስጥ አስራችሁ በማዳበሪያ ክተቱትና ሚዛኑ ተመጣጣኝ የሆነ ሁለት ሁለት ጭነት አድርጉት፤ አንዱ ወገን ከከበደ ኮርቻው ይዞርና ጫኙ በየመንገዱ እየፈታ ሲያስር ይውላል። ለመሪውና ለጫኙ የሚከፈለውን ብር በዝርዝር ያዙ።