ምሽቷ አንዲት ናት፤ ለጓሮው ትሁን ወይስ ለመቁጠሪያው?

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት (ሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እኔና ባለቤቴ የ7፣ የ5 እና የ2 ዓመት ልጆች አሉን፤ አማቴም ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ሁላችንም የካቶሊክ እምነት ተከታዮች ነን። ከቤታችን በስተጀርባ ወርዱ 4፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሚሆን ጓሮ አለ። አንድ ሎሚና አንድ ጊሽጣ ቀድሞም ነበሩበት፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ከልጆቹ ጋር ጥቂት መደቦች አውጥቼ ቆስጣ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲምና በሶብላ ተክያለሁ።

ችግሬ ከመሬቱ ይልቅ ከሰዓቱ ጋር ነው። የድሬዳዋን ፀሐይ የምታውቁ እንደምትረዱት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሕፃን ይዞ ጓሮ መውጣት አይታሰብም፤ ጠዋት ደግሞ ቁርስ ማድረስና ትልቋን ለትምህርት ቤት ማሰናዳት አለ። የሚተርፈን ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ይህ ሰዓት ግን ባለቤቴ ልጅ ሳለ ጀምሮ በዚህ ቤት የመቁጠሪያ ጸሎት ሰዓት ነበር። ውኃውም በፈረቃ የሚመጣ ስለሆነ፣ በመጣበት ዕለት በርሜልና ጀሪካን ስንሞላ ይመሽና ጸሎቱ ወደ 2 ሰዓት ይገፋል፤ በዚያን ጊዜ ትንሹ ተኝቷል፣ መካከለኛው «ስንት ቀረ?» እያለ ይነጫነጫል፣ ትልቋም በቁሟ ታንቀላፋለች። ባለፈው ሳምንት አማቴ «እመቤታችንን በቆስጣ ለወጥናት» አሉና መቁጠሪያቸውን ይዘው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ይጸልያሉ።

ጓሮውን መተው አልፈልግም፤ ልጆቹ ከስልክ የሚለዩበት ሰዓት እሱ ብቻ ነው። ጸሎቱን ወደ ጓሮው ማውጣት ተገቢ ነው ወይስ ራስን መሸንገል? በእሑድ ቀን ማጠጣትስ እንዴት ይታያል? ከዚህ ጋር፣ በዚህ ሙቀት በሕፃን እጅ ተተክሎ ቶሎ ተስፋ የሚሰጥ ምን እንዳለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ቲማቲሙ ግንቦትን ሙሉ አበባ እያሳየን አንድም ፍሬ ሳይሰጠን ቀርቷል።

መልስ፦ የከዚራው አባት (ድሬዳዋ)

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የእኔን ቤት የምትገልጪ መስሎኝ ነበር። እኛ የመቁጠሪያውን አምስት ክፍሎች፣ ማለትም አምስቱንም ምሥጢር ከሕፃናት ጋር በአንድ መቀመጫ ለመጨረስ ስንታገል ብዙ ምሽት ጸሎታችን በቁጣ ያበቃ ነበር፤ እኔም «ዝም በል» ያልሁባቸው ጊዜያት «ሰላም ላንቺ» ካልሁባቸው የማያንሱ ይመስለኛል። በመጨረሻ ለሁለት ከፈልነው፦ ከልጆቹ ጋር አንድ ምሥጢር ብቻ እንደግማለን፤ የቀሩትን አራቱን እኔና ባለቤቴ እነሱ ከተኙ በኋላ እናደርሳለን። አንዱ ምሥጢር አንድ አባታችን ሆይ፣ 10 ሰላም ላንቺና አንድ ስብሐት ለአብ ስለሆነ 5 ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ይህንንም ወደ ጓሮ ያወጣነው በልጄ ሐሳብ ነው። በአንድ መስመር 10 የቃሪያ ችግኝ ተክለን፣ ለእያንዳንዱ አንድ ጣሳ ውኃ ስናጠጣ አንድ ሰላም ላንቺ እንላለን። በሰኔ ሙቀት አንዱ ችግኝ ሲደርቅ ልጄ «ከእንግዲህ 9 ነው የምንለው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሌላ እስክንተካ ድረስም በባዶው ጉድጓድ ፊት ቆመን ስንጸልይ ከረምን። ይህ ራስን መሸንገል ነው የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ልጆቼ ግን አሁን ሳይጠሩ ይመጣሉ።

ወደ ተክሉ ልመለስ። ቲማቲምሽ አልታመመም። የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊቱም ሳይቀዘቅዝ ሲቀር፣ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። በእኛ ከተማ ቲማቲምን ክረምቱ ሲወጣ፣ ማለትም በመስከረም ማብቂያና በጥቅምት መጀመሪያ አዛውረሽ ብትተክዪ በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ያፈራልሻል፤ ሰላጣም እንዲሁ በሙቀት ወራት ቶሎ ወደ አበባ ሄዶ ይመርራል። ለሕፃን እጅ የሚስማማው ፍሬው ትልቅ የሆነ ዘር ነው፤ ቦሎቄና ዱባ ለመያዝ ይመቻሉ፣ በሳምንት ውስጥም ብቅ ይላሉ። የ5 ዓመት ልጅ ከዚያ በላይ የመጠበቅ ትዕግሥት የለውም። ቦታ ካለሽ ፓፓያም ጨምሪ፤ ነገር ግን ወንዴው ዛፍ ስለማያፈራ በአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት ፍሬ ዘርታችሁ፣ ሲያብቡ ሴቴዋን መርጣችሁ ሌሎቹን ንቀሉ። ሽፈራው ደግሞ ማንም ሳይንከባከበው የሚያድግ ነው፤ ቅጠሉም ለወጥ ይሆናል።

ስለ ውኃው አንድ ነገር ልጨምር። ውኃችን ኖራ የበዛበት ለመሆኑ የሁላችንም ማንቆርቆሪያ ምስክር ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከላይ ሲረጭ በአፈሩ ገጽ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ ጠገብ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል። እኛ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በሚስማር በስተን፣ ቂጡን ቆርጠን፣ በአፉ ደፍተን ከተክሉ ሥር እንቀብራለን፤ ልጆቹ ሞልተውት ይሄዳሉ፣ ውኃው ቀስ እያለ ወደ ሥር ይወርዳል። ለጉዝጓዝ ብዙ ሰው የጫት ገራባ ይጠቀማል። እኔ ግን ጫት ብዙ ጊዜ ፀረ ተባይ የሚረጭበት በመሆኑ ልጆች ለሚነካኩት መደብ አልመርጠውም፤ ለሰፈሩ ፍየሎች ትቼላቸዋለሁ።

መልስ፦ አያት ከሐረር

ልጄ፣ የከዚራው ወንድማችን በቅን ልቡ የጻፈውን አንብቤአለሁ፤ በአትክልቱ ጉዳይ ከእሱ ጋር አልወዳደርም፤ እኛ ከ1,800 ሜትር በላይ ተቀምጠን ኮክና ቡና የምናበቅል ሰዎች 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ላለው ለእናንተ ጓሮ የምንመክረው ብዙ አያዋጣም። በጸሎቱ ግን አንድ የምቃወመው ነገር አለኝ።

ሥራን በጸሎት መባረክ መልካም ነው። ነገር ግን ሕፃን ሁልጊዜ እጁ ሥራ ይዞ ብቻ ከጸለየ፣ በእግዚአብሔር ፊት ዝም ብሎ መቆምን መቼ ይማራል? ጣሳና ጭቃ የያዘ ልጅ ልቡ በጣሳውና በጭቃው ላይ ነው፤ ይህ ኃጢአት አይደለም፤ የልጅ ተፈጥሮ ነው። እናቴ እኛን ስታሳድግ ማታ ማታ ሥራው ሁሉ እንዲቆም ታደርግ ነበር፦ እጃችንንና እግራችንን እንታጠባለን፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ሻማ ይበራል፣ ከዚያ በኋላ እንጀምራለን። ዛሬ ወደ ኋላ ሳስበው፣ ከቃላቱ ይበልጥ በልቤ የቀረው ያ የመታጠቡ ነገር ነው፤ ከጨዋታ ወጥተን ወደ ሌላ ነገር እንደገባን የምናውቀው በእሱ ነበርና። ስለዚህ አጠጡ፣ ታጠቡ፣ ከዚያም እዚያው ጓሮ ውስጥ ቢሆን አንዷን ምሥጢር ቆማችሁ ጸልዩ። በአንዷ ምሥጢር እስማማለሁ፤ አምስቱን ከ2 ዓመት ሕፃን የሚጠብቅ ሰው ሕፃን አሳድጎ አያውቅም።

አማትሽን በተመለከተ ግን እንደ እኩያቸው ሆኜ ልናገር። የተቆጡት በቆስጣው አይመስለኝም። ያ ሰዓት እሳቸው የሚመሩት ሰዓት ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ሌላው ሥራ ሁሉ ወደ አንቺ ከተላለፈ ቆይቷል፤ የቀረችላቸው አንዲት ነገር እሷ ነበረች። በሎሚው ሥር በርጩማ አውጪላቸውና «እማዬ፣ እርስዎ ይምሩን» በያቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚሉትን ትሰሚያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ በዚህ አገር ብዙዎቻችን ያደግነው በካፑቺን አባቶች እጅ ነው፤ እነሱም የቅዱስ ፍራንቼስኮስ ልጆች ናቸው። ቅዱስ ፍራንቼስኮስ የገዳሙን አትክልተኛ ወንድም መሬቱን ሁሉ ለሚበላ አትክልት እንዳያውለው፣ ከፊሉን ለአበባውና በራሱ ለሚበቅለው ዕፅ እንዲተወው ያዝዘው እንደነበር በሕይወቱ ታሪክ ተጽፏል። አንቺም አንድ ክንድ የምታህል ቦታ ለልጆቹ ተዪላቸው፤ የፈለጉትን ይትከሉባት፣ አትቆጪ፣ አታርሚ።

መልስ፦ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪ (ድሬዳዋ)

ስለ እሑዱ ጥያቄ በአጭሩ ልመልስ። «የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ» የተባለው መጽሐፍ በቁጥር 2185 ምእመናን በእሑድ ለእግዚአብሔር የሚገባውን አምልኮና የዕለቱን ደስታና ዕረፍት ከሚያውክ ሥራ እንዲታቀቡ ያሳስባል፤ እዚያው ግን የቤተሰብ ችግር በቂ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል። ጌታ ራሱም በሰንበት በሬውንና አህያውን ፈትቶ ውኃ የሚያጠጣውን ሰው በምሳሌነት ያነሣው እንዲህ ያለውን ሥራ የሚነቅፉትን ሲመልስ ነው (ሉቃስ 13፥15)። ስለዚህ ችግኝ እንዳይደርቅ ለ10 ደቂቃ ማጠጣት ኅሊናሽን ሊያስጨንቀው አይገባም። አዲስ መደብ መቆፈርና ፍግ ማጋዝ ግን ሰኞን ቢጠብቅ ምንም አይጎዳም፤ እኔ በበኩሌ በእሑድ ልጆቹ የሚለቅሙበትን እንጂ የሚኮተኩቱበትን ቀን ባላደርገው እመርጣለሁ።

ባትጠይቂም፣ ሕፃናት ያሏቸው እናቶች ብዙ ጊዜ የሚጨነቁበት ስለሆነ ይህንንም ልንገርሽ፦ የእሑድ ቅዳሴ ግዴታ ዕድሜው 7 ዓመት ያልሞላውን ልጅ አይመለከትም (የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ቀኖና 11)፤ ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2181 ከቅዳሴ ለመቅረት በቂ ከሚባሉት ምክንያቶች መካከል ሕፃናትን መንከባከብን በስም ጠቅሶታል። ይህ ማለት ግን ታናናሾቹ ቤት ይቅሩ ማለት አይደለም፤ ትንሹ ታሞ ባደረበት እሑድ እየተሳቀቅሽ አትዋዪ ለማለት ነው።

መልስ፦ የጤና ባለሙያ (ድሬዳዋ)

ስለ ጸሎቱ የተባለው ይበቃል፤ እኔን ያሳሰበኝ በርሜሉ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ በከተማችን የታየው የደንጌ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያም ቤት ለቤት ያዳረሰው ቺኩንጉኒያ የሚተላለፉት በቤት ውስጥ በተጠራቀመ ንጹሕ ውኃ በምትራባ ትንኝ ነው። ይህች ትንኝ በቀን፣ በተለይም በማለዳና ልክ እናንተ ጓሮ በምትወጡበት በምሽት ጥላ ስለምትናከስ፣ የአልጋ አጎበር ብቻውን ልጆቹን አይጠብቃቸውም። በርሜሉን ትንፋሽ በማያሳልፍ ጨርቅና ገመድ አጥብቀሽ እሰሪ። እንቁላሏ የሚጣበቀው በበርሜሉ ግድግዳ ላይ ስለሆነና ደርቆም ለወራት ስለሚቆይ፣ ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ውስጡን በብሩሽ ፈትጊው። የከዚራው ወንድማችን የሚቀብራቸው ጠርሙሶችም ውኃ የሚይዙት ለጥቂት ሰዓታት ከሆነ ችግር የለባቸውም፤ ክዳናቸው ተደፍኖ ውኃ ካቆሩ ግን አንሥታችሁ አጽዷቸው።

ጓሮውን ለልጆች ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ ዙሪያውን ተመልከቺ። አስተናግር የሚባለው መርዛማ አረም ካለ ከነሥሩ ይነቀል፤ የጉሎ ፍሬ ለሕፃን ዓይን ያማረ ነው፣ ነገር ግን ጥቂት ፍሬ ቢያኝክ አደገኛ መርዝ ነው፤ አጥራችሁ ቅንጭብ ከሆነም ወተቱ ዓይን ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል። ያልተብላላ ፍግ በሰላጣ መደብ ላይ አታድርጉ፤ ልጆቹም በጫማ ይግቡ። የሐረሯ እናታችን ስለ መታጠብ ያሉት ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለሆድ ትላትልም መድኃኒት ነው።

የጠያቂዋ መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት (ሳቢያን)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ሳምንት ሞክሬው ነው የተመለስሁት።

በርሜሉ ተሸፍኗል፤ ከአጥሩ ጥግ ሁለት የአስተናግር እግር አግኝቼ ነቅያለሁ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ልጆቼ በአጠገቡ ሲጫወቱ እንደነበር ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። የቲማቲሙን ችግኝ በዚህ ሳምንት አዛውረናል። የማጠጣቱን ጸሎት ሞክረን ነበር፤ ትልቋ ወደደችው፤ መካከለኛው ግን ጣሳውን ለመጨረስ ሲል ሰላም ላንቺን እየዋጠ ይሮጥ ስለነበር፣ ወደ ሐረሯ እናታችን ምክር ተዛወርን። አሁን አጠጥተን፣ ታጥበን፣ በሎሚው ሥር አንድ ምሥጢር እናደርሳለን። አማቴ በመጀመሪያው ቀን በርጩማውን አይተው «እኔ ደግሞ ጓሮ ምን ልሠራ» አሉና ቀሩ፤ በሦስተኛው ቀን ልጆቹ አባታችን ሆይን ሲያሳስቱ ከመስኮት ሆነው አረሙ፤ በአራተኛው ቀን መጥተው ተቀመጡ። አሁን የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ አንዳንድ ቀን ከአንዷ ምሥጢር ወደ ሁለት ሊያሻግሩን ይሞክራሉ።

ለልጆቹ የተተወችው ቦታ ግን አንድ ጣጣ አምጥታብኛለች። መካከለኛው ልጄ ከቡና ቁርሱ ቀንሶ የሽምብራ ቆሎ ቀብሮባታል፤ የተቆላ ነገር እንደማይበቅል ማንም አልነገረውም፤ እሱም በየምሽቱ ያጠጣዋል። ልንገረው ወይስ ልተወው እያልሁ ሳመነታ፣ ትናንት ማታ አማቴ ባለቤቴን ወደ ጎን ጠርተው፣ ነገ ከቀፊራ ገበያ ሲመለስ አንድ እፍኝ ጥሬ ሽምብራ በወረቀት ጠቅልሎ እንዲያመጣላቸውና ለእኔም እንዳይነግረኝ ሲያዝዙት ሰማሁ።