የመጽሐፍ ቤቱ ምስጢር ሲፈታ ቅር ያላችሁ አላችሁ?

የማታ ተረኛ

ሰላም ለሁላችሁ። የሮቢን ስሎንን «የሚስተር ፔነምብራ የ24 ሰዓት መጻሕፍት መደብር» ትናንት ሌሊት ጨረስኩት። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ልብ ወለድ ነው። መጨረሻውን ስለማወራ ያላነበባችሁ ከዚህ በታች አትውረዱ።

እኔ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ማታ ማታ ነው የምሠራው። መጽሐፉን የወደድኩትም ለዚህ ይመስለኛል። ክሌይ የሚባለው ልጅ ከሥራ ተቀንሶ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ጠባብ መጽሐፍ ቤት ይቀጠራል። ሰዓቱ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ነው። መደርደሪያዎቹ ከመርዘማቸው የተነሳ መሰላል ላይ ወጥቶ ነው መጽሐፍ የሚያወርደው። የሚገዛ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በሌሊት እየመጡ የሚዋሱ አዛውንቶች ግን አሉ። የሚዋሱት ደግሞ በምስጢር የተጻፈ፣ ማንም አንብቦ የማይረዳውን ነው። ክሌይ እነዚያን መጻሕፍት መግለጥ አይፈቀድለትም። የመጣውን ሰው ግን መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት፤ ምን ለብሶ እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚናገር፣ ፊቱ ምን እንደሚመስል።

እዚህ ጋ ስደርስ የራሴን መዝገብ ገልጬ አየሁት። ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ክፍል፣ የገባበት ሰዓት። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንዲት እናት ገብተው ነበር። የልጃቸውን ፎቶ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘውታል። ቁልፍ ስሰጣቸው እንኳን ቋጠሮውን አልለቀቁም። መዝገቤ ላይ ያሉት ግን «ክፍል 14» ተብለው ነው።

ጥያቄዬ ይኸው። እነዚያ አዛውንቶች ያሉበት ማኅበር፣ ማኑቲየስ የሚባል የድሮ አሳታሚ በምስጢር የጻፈውን መጽሐፍ ሊፈታ 500 ዓመት ሙሉ ይለፋል፤ የዘላለም ሕይወት ምስጢር አለበት ተብሎ። የጉግል ኮምፒውተሮች እንኳን ያቅታቸዋል። በስተመጨረሻ ሲፈታ የሚወጣልን የጓደኝነት ነገር ነው። «በቃ? ይሄው ነው?» አልኩ። ያልገባኝ ነገር አለ ወይስ እናንተም ቅር ብሏችኋል?

አዟሪው ከብሔራዊ

እህቴ፣ እኔ ቅር አላለኝም። መጽሐፍ ሳዞር 19 ዓመቴ ነው። ድሮ ክንዴ ላይ ደርድሬ ከለገሃር እስከ አራት ኪሎ በእግሬ ነበር። በኋላ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ትንሽ ቦታ አገኘሁ፤ እሷም ፈረሰችና አሁን እንደገና በክንዴ ነው።

ይሄን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ሸጬዋለሁ። ከመሸጤ በፊት አነበብኩት። እኔ የምለው መዋሱ ላይ ነው። ማስያዣ እየተቀበልኩ የማከራያቸው ደንበኞች ነበሩኝ። አንድ የጡረታ መምህር የማሞ ውድነህን የስለላ ትርጉሞች በየሳምንቱ ይወስዱ ነበር። ሲመልሱ ገጽ አጥፈው አያውቁም፤ የሲኒማ ቤት ትኬት ነው የሚያስገቡት። ቦታው ሲፈርስ ግማሹን መጽሐፌን ቤታቸው ያስቀመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ስለዚህ «ጓደኝነት ብቻ» የምትይው ነገር ለእኔ «ብቻ» አይደለም።

ሚሚ ካዛንቺስ

እኔ ከጠያቂዋ ጋር ነኝ። የመጀመሪያው ግማሽ ግሩም ነው። ክሌይ የመደብሩን ቅርጽ በኮምፒውተር ሠርቶ ማን የቱን መጽሐፍ መቼ እንደተዋሰ ምልክት ሲያደርግበት የሰው ፊት ሲወጣ፣ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ መውረጃዬን አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ጉግልና ኒው ዮርክ ሲመጡ ያ የመደብሩ ዝምታ ጠፋብኝ። ካት የምትባለዋ የጉግል ሠራተኛም ከኮምፒውተሯ ውጪ ሰው ሆና አልታየችኝም።

ፊደል ለቃሚ

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። መጽሐፉን ልጄ ነው ያስነበበኝ። መጨረሻውን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ማኑቲየስ እውነተኛ ሰው ነው። ቬኒስ ውስጥ አሳታሚ ነበር፤ በ1515 እ.ኤ.አ. ሞተ። በእጅ የሚያዙ ትንንሽ መጻሕፍትን ያስፋፋ እሱ ነው። በ1501 መጽሐፍ ያተመበትን ዘመም ያለ የላቲን ፊደል የቀረጸለት ፍራንቼስኮ ግሪፎ የሚባል ባለሙያ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ፊደሉን የሚቀርጽለት ጓደኛው ጌሪትስዙን ግን የልብ ወለዱ ፈጠራ ነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ የእኛ መዝሙረ ዳዊት በግዕዝ ፊደል ሮም ላይ የታተመው በ1513 ነው። ማኑቲየስ ገና በሕይወት ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ። ያ ሁሉ ማኅበር 500 ዓመት ያየው ወረቀቱን ነው። ጉግልም ያነበበው የወረቀቱን ፎቶ ነው። ቁልፉ ግን ብረቱ ላይ ነበር። ፊደል ሲሠራ መጀመሪያ ብረት ጫፍ ላይ ይቀረጻል። ያ መዳብ ላይ ይመታል። መዳቡ ላይ እርሳስ ይፈስሳል። ልብ ወለዱ ውስጥ የእያንዳንዱ ፊደል ብረት ጎኑ ላይ ጭረት አለው፤ የጭረቱ ቁጥር ከፊደል ፊደል ይለያያል። መፍቻው እሱ ነው። ወረቀት ላይ በፍጹም አይወጣም። ብረቱን በእጁ የያዘ ሰው ብቻ ነው የሚያየው።

እኛም ለኅትመት የእርሳስ ፊደል ስንለቅም የፊደሉ ጎን ላይ ቀጭን ቦይ ነበረች። ዓይናችን ጽሑፉ ላይ ነው፤ አውራ ጣት ቦይዋን ዳስሶ ፊደሉ መገልበጥ አለመገልበጡን ያውቃል። የእኛ ደግሞ 33 በ7 ነው፤ 231 ሳጥን፤ ዲቃላው፣ ቁጥሩና ነጥቡ ሳይቆጠር። አንባቢ ይሄን አያውቅም። አጠገቤ የሚለቅመው ባልደረባዬ ግን ያውቃል። እኔ ስሳሳት ሳይናገር ነበር የሚያስተካክልልኝ፤ እኔም ለእሱ እንደዚያው። ቀራጩ ጌሪትስዙንም መልእክቱን እዚያ ብረት ላይ ያኖረው ለጓደኛው ነው። ልጄ፣ ሌላ የት ሊያኖረው ይችላል?

የማታ ተረኛ

ጋሼ፣ ይሄን አላየሁትም ነበር። እኔም እንደ ማኅበሩ የተፈታውን ቃል ብቻ ነው ያየሁት፤ የት እንደተቀመጠ አላየሁም። ዛሬ ማታ መጨረሻውን እደግመዋለሁ።

ትናንት እነዚያ እናት ተመልሰው መጡ። መዝገቡ ኅዳግ ላይ በእርሳስ «ፎቶውን በነጠላቸው ቋጥረዋል» ብዬ ጻፍኩ።

ከድሮው ፊደል የቀረ አለዎት?

ፊደል ለቃሚ

አንድ አለችኝ። «ጱ» ናት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስንት ጊዜ እንዳነሳኋት በጣቴ ቆጥሬ እጨርሳለሁ። ለዚህ ነው ጠርዟ እስካሁን ያልተበላው።