የአረንጓዴ ሐይቅ ውሃ ወይስ ከጽድ ሥር የተዛቀ አፈር፦ የትኛው ሕይወት ይበዛበታል?

መምህር ከቢሾፍቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ለክፍሌ ሁለት ናሙና ወሰድኩ፤ አንዱ ከአረንጓዴ ሐይቅ የተቀዳ ውሃ፣ ሌላው ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር የተዛቀ አፈር። ውሃውን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ተንጫጩ፤ አረንጓዴ ሽክርክሪት ሞልቶታል። አፈሩ ግን ጭቃና ጥቁር ፍርፋሪ ብቻ ሆነባቸው። አሁን ክፍሉ በሙሉ «ሐይቁ ሕያው፣ አፈሩ ሙት» ብሎ ደምድሟል። በምን ላሳምናቸው? ያለን ማይክሮስኮፕ ከ400 እጥፍ በላይ አያጎላም።

ጡረተኛው የላቦራቶሪ ሰው፦
መምህር፣ ልጆቹ ያዩትን በትክክል አይተዋል፤ ፍርዱ ላይ ነው የቸኮሉት። ሽክርክሪቱ አርትሮስፒራ ነው፤ ገበያ ላይ ስፒሩሊና የሚሉት። ተክል ሳይሆን ሳይያኖባክቴሪያ ነው፤ ማለትም እንደ ተክል በብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ። ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) 10 አካባቢ የሚደርስ የሶዳ ውሃ ብዙውን ፍጥረት ያባርራል፤ እርሱን ግን ይመቸዋል። በሕዋሶቹ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ወደ ብርሃኑ ያንሳፍፉታል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሐይቅ ተመራማሪው ጃክ ታሊንግና ባልደረቦቹ በአረንጓዴና በቂሎሌ ሐይቆች የለኩት የፎቶሲንተሲስ መጠን፣ በውሃ ውስጥ ሊደረስበት ከሚችለው ጣሪያ የተጠጋ ነበር። ጣሪያውን የሚያበጀው ራሱ አርትሮስፒራው ነው፤ ሲበዛ የላይኛው የታችኛውን ብርሃን ይጋርዳል።

ቂሎሌ ዛሬ ያ ሐይቅ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ሲገባበት ጨዉ ቀጠነ፣ አርትሮስፒራውም ስፍራውን ለሌሎች ለቀቀ። ሐይቅ ማለት ባዶ ገንዳ ለሚመስላቸው ሰዎች ይህን ደጋግሜ ብነግር አይሰለቸኝም።

እንግዲህ ክፍልዎ ያየው ብዛትን እንጂ ዓይነትን አይደለም። አፈሩ ሌላ ነው። በአንድ ግራም የደን አፈር ውስጥ ባክቴሪያ በመቶ ሚሊዮኖች፣ አንዳንዴም በቢሊዮን ይቆጠራል፤ ዓይነቱም በሺዎች ነው። ዳሩ ግን ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚኖር በ400 እጥፍ ነጥብ ቢመስል ነው፤ ተማሪን ደግሞ በነጥብ አያሳምኑትም። ባክቴሪያውን ይተዉና ባክቴሪያ በሊውን ያሳዩአቸው። የሃይላንድ ጠርሙስ ከወገቡ ይቁረጡ፤ የላይኛውን ክፍል ክዳኑ እንደተዘጋ ገልብጠው ውሃ ይሙሉበት። አፈሩን በስስ ጨርቅ ቋጥረው፣ ውሃው እንዲነካው አድርገው ያሳድሩት። በማግስቱ ክዳኑን ላላ ሲያደርጉ የሚወጣውን የመጀመሪያ ጠብታ ስላይድ ላይ ያኑሩ። ኔማቶድ የሚባሉ ደቃቃ ክብ ትሎች ሲጠማዘዙ ታያላችሁ። ብዙዎቹ ባክቴሪያና ፈንገስ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው፤ ግጦሽ በሌለበት ደግሞ መንጋ አይሰማራም።

የችግኝ ሠራተኛ፣ ወንዶ ገነት፦
ፈንገሱንም አትርሱት እንጂ! እኛ ችግኝ ስናፈላ ከአሸዋው ጋር የደን አፈር የምንቀላቅለው ለማዳበሪያነት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አብሮት ማይኮራይዛ ይመጣል። ይህ ፈንገስ በጽዱ ሥር ውስጥ ገብቶ ክሮቹን ወደ አፈሩ ይዘረጋል፤ ፎስፈረስ ያቀብላል፣ ስኳር ይቀበላል። በማይክሮስኮፕ ለማየት ግን ሥሩን በፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ አጽድቶ ቀለም መንከር ያስፈልጋል፤ ኬሚካሉ ቆዳ ያቃጥላልና ለተማሪ እጅ አይሰጥም።

መምህር ከቢሾፍቱ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ጠርሙሱን ዛሬውኑ አዘጋጃለሁ። አንዱ ተማሪዬ ደግሞ «ስፒሩሊና ከሆነ ለምን አድርቀን አንሸጠውም?» ይለኛል።

ጡረተኛው የላቦራቶሪ ሰው፦
ነጋዴ ይወጣዋል! በቻድ ሐይቅ አካባቢ የካነምቡ ሴቶች ከሶዳ ኩሬ አጥልለው፣ አሸዋ ላይ አድርቀው ሲበሉትና ሲሸጡት ኖረዋል። ሳይመረመር ግን ከሐይቅ ተቀድቶ አይበላም፤ መርዛማ ዘመዶቹ ሊቀላቀሉበት ይችላሉ። ቆቃ ሐይቅ ላይ በብዛት የሚታየው ማይክሮሲስቲስ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል፤ መርዙም በማፍላት አይጠፋም። ከቆቃ ናሙና ካገኙ ልጁ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያያቸው፦ አርትሮስፒራ የተጠማዘዘ ክር ነው፣ ማይክሮሲስቲስ ደግሞ የደቃቃ ክብ ሕዋሶች ክምር። የቆቃውን ውሃ ሲቀዱ ጓንት ያድርጉ።