ለጀማሪ ሲ ፕላስ ፕላስ ወይስ ፓይተን?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነው የምጽፈው። እህቴ ዘንድሮ ኮምፒውተር ሳይንስ ጀምራለች። የሚማሩት ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ማታ ማታ አብሬያት አጠናለሁ፤ አሁን ግን ግራ ገብቶኛል።

ኢፍ (ሁኔታ መፈተሻ) እና ሉፕ (ድግግሞሽ) ላይ ጎበዝ ናት። ፖይንተር (አንድ ዋጋ ሜሞሪ ውስጥ ያለበትን አድራሻ የሚይዘው) ሲመጣ ግን ቀጥ አለች። ያቺ የኮከብ ምልክት (*) አንዴ ፖይንተር ማስታወቂያ ናት፣ አንዴ ደግሞ አድራሻው ላይ ያለውን ዋጋ ታወጣለች። ምልክቱ አንድ፣ ሥራው ሁለት! እኔ አልፈርድባትም።

ጓደኞቿ «መጀመሪያ ፓይተን የሚባለውን ቋንቋ ልመጂ» ይሏታል። እውነት ነው፣ እዚያ የቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ ስም) ዓይነት ማስታወቅ የለም፤ ቶሎ ውጤት ታያለች። ግን አንድ ሊስት (የዋጋዎች ዝርዝር) ሁለት ስም ከሰጠችው፣ በአንዱ ስም የቀየረችው በሌላውም ይታያል። የአድራሻው ነገር እዚያም አለ፣ ተሸፍኖ ነው እንጂ። ይሄ ነው የሚያሳስበኝ።

ላፕቶፕ የላትም፣ የምትለማመደው በስልክ ነው።

ጀማሪ ያስተማራችሁ እባካችሁ እርዱኝ። በያዘችው ትግፋ ወይስ በእረፍት ጊዜዋ ፓይተን ትሞክር? ፖይንተርን በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ ቀለል አድርጋችሁ የምታስረዱበት መንገድ ካለም ጻፉልኝ። ፈተናዋ ደርሷል፣ ተስፋ እንዳትቆርጥብኝ ፈርቻለሁ።