ሀረና ጫካ ውስጥ ከልጅ ጋር ድንኳን ተክሎ ማደር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በጥር ከባለቤቴና ከትንሿ ልጃችን ጋር በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ሀረና ጫካ ውስጥ ካቻ በተባለው የድንኳን ሥፍራ ለማደር አስበናል። ብርዱ ለልጅ አይከብድም?

መልስ፦ የሚከብደው እዚያው ፓርኩ ውስጥ ያለው የሳነቴ አምባ ነው። ከፍታው 4,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ በጥር ሌሊት ውሃ በረዶ ይሠራል፤ እዚያ ከልጅ ጋር አትደሩ። ካቻ ከሪራ መንደር በታች፣ ደኑ መካከል ያለ ገላጣ መስክ ነውና ለስለስ ይላል። ብርድ ልብስ ግን ደርቡ። ሱቅም መብራትም ስለሌለ ስንቃችሁንና የእጅ ባትሪያችሁን ከጎባ ያዙ።

አደራ የምላችሁ ስለ እሳት ነው። ጥር ደረቅ ወር ነው፤ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ አንዴ ከተያያዘ ተራራውን ይዞት ይሄዳል። ትንሽ ቡታጋዝ ይበቃችኋል። እነዚያ ግንዳቸው ሽበት የለበሰ የኮሶ ዛፎች ለአንድ ማታ ሻይ ሲባል ቅርንጫፋቸው ሲቆረጥ ማየት ያንገበግበኛል። ንጋት ላይ ልጅቷን ቀስቅሷት፤ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተቀባበሉ ሲያጓሩ ትስማ።

ሌላ መልስ፦ የመግቢያ ክፍያውን የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ባለበት ዲንሾ ስትጨርሱ ስካውት (አብሯችሁ የሚሄድ የፓርክ ጠባቂ) ጠይቁ። ሀረና አንበሳ ያለበት ደን ነው፤ በጨለማ ከድንኳኑ አትራቁ። ዲንሾ ላይ ደጋ አጋዘን ስለማይጠፋ ለልጅቷ ጊዜ ስጧት።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሪራ ማር መግዛት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ቀፎውን ዛፍ ላይ ሰቅለው ንብ የሚያነቡት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱ ግዙ።